የሐዋሳ ዓሣ ከየትኛው የሐይቁ ጎን ተሰገረ?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሊበላ የሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ “የዛሬ ነው?” ሻጩም የዓሣውን ዓይን ያሳየዋል፤ ሥጋውን በጣቱ ጫን አድርጎ ይለቀዋል። ዓይኑ የጠራ፣ ሥጋው ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ገዢው ረክቶ ይቀመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሐዋሳ የቀን ፀሐይ፣ በረዶ ያልነካው ዓሣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ትኩስነት የሚነግረን ግን ዓሣው ከውሃ ከወጣ በኋላ የሆነውን ብቻ ነው። በውሃው ውስጥ ሳለ ምን ሲመገብ እንደነበር፣ በየትኛው የሐይቁ ዳር እንደኖረ፣ በሥጋውና በስቡ ምን እንዳጠራቀመ አይነግረንም። ንጋት ላይ ከመረብ የወጣ ዓሣ ለዓመታት ያጠራቀመውን ሜርኩሪ የተባለ መርዛማ ብረት ይዞ ገበታ ላይ ሊቀርብ ይችላል፤ ያንን ደግሞ ዓይኑን አይቶ፣ ሽታውን አሽትቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ከውሃ የሚወጣ ምግብ ደኅንነቱ መጀመሪያ የሚወሰነው በውሃው ነው፤ ስለዚህ ቁጥጥሩም መጀመር ያለበት ከውሃው ነው። ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ሎሚውና ዳጣው ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህን ትምህርት ብዙ ሕይወት ከፍለው የተማሩት የባሕር ዳርቻ ሕዝቦች ናቸው። የተማሩትም ዛጎል ለብሰው ከሚኖሩት፣ ኦይስተር፣ ሙስልና ክላም ከሚባሉት የባሕር እንስሳት ነው።

ዛጎል ለባሾቹ ምን አስተማሩ?

ኦይስተር በእኛ ገበታ የለም፤ አኗኗሩን ማወቅ ግን ይጠቅመናል። ኦይስተር ከአለት ወይም ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቆ ዕድሜውን በአንድ ቦታ ያሳልፋል። ምግብ ፍለጋ አይሄድም፤ ውሃውን ወደ ራሱ እየሳበ ያጣራዋል። አንድ ያደገ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ሊያጣራ ይችላል። ውሃው አልፎ ሲሄድ በውስጡ የነበረው ብዙ ነገር ከእንስሳው ጋር ይቀራል፦ ከፍሳሽ የመጣ ባክቴሪያና ቫይረስ፣ ከፋብሪካ የወጣ ካድሚየምና እርሳስ የተባሉ መርዛማ ብረቶች፣ መርዛማ አልጌ፣ ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ። ዓሣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ነው የሚበላው። ኦይስተርና ሙስል ግን የሚበሉት ከነሆድ ዕቃቸው ነው፤ ኦይስተር ደግሞ በብዙ አገር ጥሬውን፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት ይበላል።

እ.ኤ.አ. ከ1924 መጨረሻ እስከ 1925 መጀመሪያ ባሉት ወራት በአሜሪካ ቺካጎን፣ ኒው ዮርክንና ዋሽንግተንን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች የታይፎይድ ወረርሽኝ ተነሣ። ወደ 1,500 ሰው ታመመ፤ 150 ያህሉ ሞተ። ምንጩ ሲጣራ ፍሳሽ የነካው ኦይስተር ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ መንግሥት፣ ክልሎቹና የኦይስተር ነጋዴዎቹ በዚያው በ1925 ተሰብስበው የመሠረቱት የቁጥጥር ሥርዓት ዛሬም ይሠራል። የሥርዓቱ ዋና ሐሳብ ቀላል ነው፦ እንስሳው ከመያዙ በፊት የሚያድግበት ውሃ ይመርመር።

ከዚያ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1988 መጀመሪያ፣ ሻንጋይ ላይ የደረሰው ከዚህ የባሰ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሄፓታይተስ ኤ በተባለው የጉበት በሽታ ተያዘ። ሰዎቹ የበሉት ፍሳሽ ከሚገባበት የባሕር ዳርቻ የተለቀመ፣ በፈላ ውሃ ለአፍታ ብቻ የተነከረ ክላም ነበር። በሕይወት እያለ የተሸጠ፣ ትኩስ ክላም ነበር። ትኩስነቱ ማንንም አላዳነም።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ዛሬ ዛጎል ለባሾች የሚለቀሙበትን ዳርቻ በሦስት ደረጃ ይከፍላል። መመዘኛው ኢ ኮላይ የተባለው የሰገራ ባክቴሪያ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ በመሠረቱ ከ230 መብለጥ የለበትም፤ ከዚህ ዳርቻ የተለቀመው በቀጥታ ለገበያ ይቀርባል። እስከ 4,600 የሚደርሰው በንጹሕ ውሃ ገንዳ ውስጥ ቆይቶ ራሱን እስኪያጠራ ወይም በተፈቀደ መንገድ እስኪበስል ድረስ አይሸጥም። እስከ 46,000 የሚደርሰው ወደ ንጹሕ ባሕር ተዛውሮ ቢያንስ ሁለት ወር መቆየት ወይም በከፍተኛ ሙቀት መዘጋጀት አለበት። ከዚያ በላይ የሆነው ዳርቻ ለመብል አይለቀምበትም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ደረጃው የሚሰጠው ለቦታው መሆኑን ነው። ነጋዴው ከየት እንዳመጣው በወረቀት ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ገዢውም ማወቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት የማይፈታው ነገር አለ። በንጹሕ ውሃ ገንዳ ማቆየት ባክቴሪያን ይቀንሳል፤ ማብሰል ደግሞ ባክቴሪያንም ቫይረስንም ይገድላል። ካድሚየምን፣ እርሳስንና ሜርኩሪን ግን ሁለቱም አያስወግዱም። አንዳንድ አልጌዎች የሚያመነጩት፣ ሙስል የበላን ሰው ትንፋሽ እስከ ማቆም የሚደርስ ሳክሲቶክሲን የተባለ መርዝም በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ ብክለትን በሁለት መክፈል ግድ ነው፦ እሳት የሚያጠፋውና እሳት የማያጠፋው። ስለ ሐዋሳ ዓሣ በየሰፈሩ የሚነሣው ክርክር አብዛኛው የሚደናገረው እነዚህን ሁለቱን ስለሚቀላቅል ነው። አንዱ “በደንብ ከተጠበሰ ምንም አይልም” ይላል፤ ሌላው “ሐይቁ ተበክሏል፣ ዓሣ አትብሉ” ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ግማሽ ነው የያዙት።

መውጫ የሌለው ውሃ

ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,680 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። በገጸ ምድር ጎርፍና ወንዝ ያመጡት ይገባል፣ ውሃው ይተናል፣ ከፊሉም ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ ደለሉና ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ብረት ግን ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ቢያንስ ማዕበሉ ያመጣውን ማዕበሉ ይበትነዋል። ሐይቃችን ይህ ዕድል የለውም።

ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው በጨለለቃ ረግረግ በኩል ነው። ጨለለቃ ቀድሞ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ወደ ረግረግና ወደ ግጦሽ መሬት ተለውጧል። ረግረግ መሬት ለከተማ ከሚሠራው ሥራ ትልቁ ማጣራት ነው፦ ፍሳሹን ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀረዋል፣ ሣርና ቄጠማው ከብረቱና ከማዳበሪያው የተወሰነውን ይወስዳል። ረግረጉ በጠበበ ቁጥር ከላይ ከእርሻው፣ ከከተማውና ከፋብሪካዎቹ የሚመጣው ሳይጣራ ይወርዳል። በዚህ ተፋሰስ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የለስላሳ መጠጥና ሌሎችም ፋብሪካዎች አሉ። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ የተገነባ የማጣሪያ ጣቢያ አለው። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍሳሽን ሳይለቁ ማምረት እንደሚቻል እዚሁ ከተማችን ውስጥ ታይቷልና፣ ሌላው ፋብሪካ “አቅም የለኝም” ለማለት ቀላል አይሆንለትም።

ከፋብሪካው ይልቅ የሚረሳው ከተማው ራሱ ነው። ዝናብ ሲጥል ከመንገዱ፣ ከጋራዡ፣ ከመኪና እጥበቱ፣ ሞልቶ ከፈሰሰ መጸዳጃ ጉድጓድ የሚወርደው ጎርፍ በቦዩ ተከትሎ ወደ ሐይቁ ይገባል። አንድም ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ አንድም ተጠያቂ የለውም። ፋብሪካን መክሰስ ይቻላል፤ የቦይ ፍሳሽን ግን የሚቀንሰው ማዘጋጃ ቤቱና በቦዩ ዳር የሚኖረው ሕዝብ አንድ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ጥሬ ዓሣና የዳጣ እምነት

ጥሬ ዓሣ በሐዋሳ ቅንጦት አይደለም፤ የከተማዋ መለያ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ አሞራ ገደል ተወስዶ ፊሌቶው ሲወጣ ያያል፣ በዳጣና በሎሚ ይቀርብለታል። ይህን ልማድ ማንቋሸሽ አልፈልግም። ግን ከኦይስተሩ ታሪክ ጋር ስናስተያየው አንድ ልዩነትና አንድ መመሳሰል አለው።

ልዩነቱ ዓሣ እንደ ኦይስተር ውሃ እያጣራ የሚኖር፣ ሰውም ከነሆድ ዕቃው የሚበላው እንስሳ አለመሆኑ ነው። የጤናማ ዓሣ ሥጋ በቆዳው ውስጥ እያለ ከፍሳሽ ባክቴሪያ በአብዛኛው የተጠበቀ ነው። መመሳሰሉ የሚጀምረው ቢላዋው ቆዳውን ከከፈተ በኋላ ነው። ሆድ ዕቃው በወጣበት መክተፊያ ላይ ፊሌቶው ይከተፋል፤ ሥጋው በዚያው በዳርቻው ውሃ ይለቀለቃል። ያ ውሃ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ የከተማው ቦይ የሚገባበት ዳርቻ ውሃ ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት ሥጋው ኦይስተሩ የነበረበት ሁኔታ ውስጥ ይገባል፦ ውሃው የያዘው ሁሉ ይነካዋል፣ እሳት ደግሞ አያገኘውም።

ዳጣም ሎሚም ይህን አያጠፉም። የሎሚ ኮምጣጣነት የባክቴሪያውን ቁጥር በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ አይገድልም። ሚጥሚጣውና ነጭ ሽንኩርቱ አፍን ያቃጥላሉ እንጂ ሥጋውን አያበስሉም። ጥገኛ ትሎችም አሉ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ውስጥ በልብ አካባቢ የሚገኝ ኮንትራኬከም የተባለ ክብ ትል በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። የዚህ ዘር ትሎች በበረዶ የሚሞቱት ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለሰባት ቀን ሲቆይ ነው፤ በእሳት ደግሞ መሐሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ሲሞቅ ይሞታሉ። ጥሬውን ለመብላት የቆረጠ ሰው ቢያንስ ዓሣው በቧንቧ ውሃ መታጠቡን፣ ሆድ ዕቃው የወጣበት መክተፊያ መቀየሩን ቆሞ ቢያይ መብቱ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ የጉበት ሕመም ያለበትና በማንኛውም ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን ጥሬ ዓሣ ባይቀርብለት ይሻላል።

ይህ ሁሉ እሳት የሚያጠፋው ወገን ነው። ቶሎ ያማል፣ ቶሎ ይታወቃል፣ ቶሎም ይታከማል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ወገን ነው።

ቢልጫ፣ አምባዛና ሜርኩሪ

ሜርኩሪ ከእሳተ ገሞራ ይወጣል፣ ከሚቃጠል የድንጋይ ከሰል ይወጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓለም ዙሪያ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ከሚያወጡ ሰዎች እጅ ይወጣል። በአየር ተጉዞ ምንም ፋብሪካ የሌለበት ሐይቅ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃ ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ሲቀመጥ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ሰውን የሚጎዳው በዋናነት ይሄ ነው። አልጌው ይወስደዋል፣ አልጌውን ትንንሽ ነፍሳት ይበሉታል፣ እነሱን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ። በየደረጃው ይከማቻል። ዓሣው ከሥጋው አውጥቶ ለመጣል በጣም ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ ዕድሜው በገፋ ቁጥር በሥጋው ያለው መጠን ይጨምራል። በስቡ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ስቡን ቆርጦ መጣል ይቻል ነበር። የሚቀመጠው ግን እኛ በምንበላው በቀይና በነጭ ሥጋው ውስጥ ነው፤ መጥበስ፣ መቀቀል፣ ማድረቅ አይነካውም።

በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በዚህ ረገድ ያገኙት ነገር ለእኔ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስብ ነው። ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ቆሮሶ አልጌ በል ነው፤ በምግብ ሰንሰለቱ ታች ስለሆነ ሜርኩሪው በጣም አነስተኛ ነው። ከሐይቁ ከሚሰገረው አብዛኛው ቆሮሶ በመሆኑ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። አምባዛ ዓሣ በል ነው፤ እስከ ትልቅ መጠን ያድጋል። ስለዚህ ከፍተኛው ሜርኩሪ በእሱ ይገኛል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። ሆኖ የተገኘው ግን ከተጠበቀው በታች ነው። ከማብራሪያዎቹ አንዱ ፈጥኖ ማደጉ ነው፤ የሚበላው ሜርኩሪ ቶሎ በሚጨምር ሥጋ ውስጥ ይሳሳል። ትልቁ ቁጥር የተገኘው ቢልጫ ላይ ነው። ቢልጫ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ ሲተልቅ ትንንሽ ዓሦችን ይበላል። ከትልልቆቹ መካከል በኪሎ ሥጋ ከ0.5 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ የተገኘባቸው ነበሩ። ይህ ቁጥር በብዙ አገር ለተራ ዓሣ የተቀመጠው የላይኛው ገደብ ነው።

ቁጥሩን ወደ ሳህን እናምጣው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ በ2003 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መጠን በሳምንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮ ግራም ሜቲል ሜርኩሪ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 ወደ 1.3 ዝቅ አድርጎታል። ላላ ያለውን፣ 1.6ን እንያዝ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሳምንት 96 ማይክሮ ግራም ይሆናል ድርሻዋ። በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ሜርኩሪ ካለው ዓሣ ይህን ለመሙላት የሚበቃት 192 ግራም ነው፤ አንድ ጠገብ ያለ ምሳ። 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 48 ግራም ይበቃል። በኪሎ 0.05 ሚሊ ግራም ካለው ዓሣ ግን ያቺው ሴት በሳምንት ወደ 1.9 ኪሎ ብትበላ ነው ገደቡ ላይ የምትደርሰው። “ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?” የሚለው ጥያቄ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። የትኛው ዓሣ፣ ምን ያህል ትልቅ፣ ለማን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ? መልስ ያለው ለነዚህ ነው።

በአገር ደረጃ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚበላው ዓሣ በአማካይ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ይህን አማካይ ይዞ “እኛ እንኳ ዓሣ አንበላም፣ አያሰጋንም” የሚሉ አሉ። አማካዩ ግን የዓሣ አስጋሪውን ቤት አያሳይም። በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ከአገሩ አማካይ ብዙ እጥፍ ይበላል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ዓሣ ለሚበላው ጿሚ ፍጆታው ይጨምራል። ከዚያም በላይ ማን ምን እንደሚበላ መታሰብ አለበት። ቆሮሶው ለሆቴልና ለአዲስ አበባ ገበያ ይፈለጋል። ቢልጫ እሾኹ ስለሚበዛ ብዙ ገዢ ይሸሸዋል፤ አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ በሃይማኖት ምክንያት የማይበላ ሰው ብዙ ነው። ያልተሸጠው ዓሣ መረቡን ወደ ጣለው ሰው ቤት ይመለሳል። ሜርኩሪው የበዛበት ዓሣ ዘወትር ዓሣ ከሚበሉት ልጆች ሳህን ላይ የማረፍ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ያስጨንቀኛል።

ሜቲል ሜርኩሪ ከማንም በላይ የሚጎዳው ገና እየተሠራ ያለን አንጎል ነው። የእንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል። ጃፓን ውስጥ በሚናማታ ባሕረ ሰላጤ የሆነው የዚህ መጨረሻው ነው። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሹን ወደ ባሕረ ሰላጤው ይለቅ ነበር። ዓሣና ዛጎል ለባሽ ዘወትር የሚበሉት የአስጋሪ ቤተሰቦች እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ አንደበታቸው ይያዝ፣ የዓይናቸው እይታ ይጠብ ጀመር። በሽታው በይፋ የተመዘገበው በግንቦት 1956 እ.ኤ.አ. ነው። የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንስኤው ሜርኩሪ መሆኑን በ1959 ተናገሩ። ፍሳሹ የቆመው በ1968 ነው። በእነዚያ በመሐል ባሉት ዓመታት ራሳቸው ቀላል ምልክት ብቻ ያዩ ወይም ምንም ያላዩ እናቶች አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ። በይፋ የተመዘገቡት ተጎጂዎች ከ2,200 በላይ ናቸው። የሐዋሳ ቁጥር ወደ ሚናማታ ቁጥር አይቀርብም፤ እንደዚያ ብሎ ማስፈራራት ለዓሣ አስጋሪውም ለእውነቱም ግፍ ነው። ከሚናማታ የምወስደው በ1959 እና በ1968 መካከል ያለውን ክፍተት ነው፦ ሳይንሱ ተናግሮ አስተዳደሩ ያልሰማበትን ዘጠኝ ዓመት።

ደግነቱ ሜቲል ሜርኩሪ ከሰው ሰውነት ይወጣል፤ ግማሹ ለመውጣት ወደ 50 ቀን ይፈጅበታል። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከጥቂት ወራት በፊት ትልልቅ ቢልጫ ትታ ወደ ቆሮሶ ብታዘነብል በደሟ ያለው መጠን በእርግጥ ይቀንሳል። ዓሣ ጨርሳ እንድትተው የሚመክራት ካለ ግን ይጎዳታል። የዓሣ ስብ ለጽንሱ አንጎልና ዓይን የሚጠቅም ነው፤ ፕሮቲኑም በቀላሉ ከሌላ የማይተካበት ቤት ብዙ ነው።

ስለ ዲዲቲም በአጭሩ። ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ ወደ ጫትና ወደ አትክልት ማሳም ይሻገር ነበር። በአፈርና በደለል ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለሚቆይ፣ መርጨቱ ከቀረ በኋላም ርዝራዡ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ተገኝቷል። እንደ ሜርኩሪ በሥጋ ሳይሆን በስብ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሆድ ስቡን፣ ጉበቱንና ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ማውጣት በእርግጥ ይቀንሰዋል። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየምም ከሥጋው ይልቅ በጉበቱ፣ በኩላሊቱና ዓሣው በሚተነፍስበት፣ ከጭንቅላቱ ጎን ባለው ቀይ ክፍል ይበዛሉ። የዓሣ ጭንቅላት ሾርባ የምትሠራ እናት ያንን ቀይ ክፍል አውጥታ ብትጥለው ጣዕሙ አይጎድልም።

ሐይቁን በደረጃ መክፈል

ቤት ውስጥ የሚደረገው ጥንቃቄ እዚህ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የአስተዳደር ሥራ ነው። አሁን ያለው አሠራር ቁጥጥር ካለው እንኳ የሚያየው የምግብ ቤቱን ንጽሕና፣ የሠራተኛውን የጤና ምርመራ ወረቀት፣ የዓሣውን ትኩስነት ነው። አስፈላጊ ነው፤ ግን ሁሉም ዓሣው ከውሃ ከወጣ በኋላ ያለው ነው።

እኔ የምለው የኦይስተር አገሮች ለዳርቻቸው የሚያደርጉትን እኛ ለሐይቃችን እናድርግ ነው። የጥቁር ውሃ መግቢያ፣ የከተማው ዳርቻ፣ ከከተማው ማዶ ያለው ምዕራባዊ ዳር አንድ ዓይነት ውሃ አይደሉም፤ እንደ አንድ መታየትም የለባቸውም። በየቦታው ውሃው፣ ደለሉና ሦስቱም ዓሦች በበጋ አንድ ጊዜ፣ በክረምት ጎርፉ ከገባ በኋላ አንድ ጊዜ ይመርመሩ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሐይቅ ላይ ለዓመታት ምርምር ሲያደርግ ኖሯል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ የተገኘው ዕውቀት በእንግሊዝኛ በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ይቀርና ዓሣው የሚሸጥበት ዳርቻ አይደርስም። ውጤቱ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ተጽፎ በአሞራ ገደል መግቢያ ቢለጠፍ፣ በጤና ጣቢያዎች የነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል ቢነገር፣ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ስብሰባ ቢብራራ ወጪው ብዙ አይደለም።

ሊነሣ የሚችለው ተቃውሞ ይገባኛል። “ቢልጫ ሜርኩሪ አለው” የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሕዝቡ ለይቶ አያነብም፤ ቆሮሶውንም ይተዋል፤ አስጋሪው ይራባል። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። ግን ዝምታውም አስጋሪውን አይጠብቀውም። የተጣራ መረጃ በሌለበት አንድ ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሠራጭ ገበያው በአንድ ሳምንት ይወድቃል፤ አስጋሪውም ዓሣው ደኅና መሆኑን የሚያሳይበት አንዲት ወረቀት የለውም። ከምዕራቡ ዳር የተሰገረ ቆሮሶ በምርመራ የተረጋገጠ ነው ብሎ መሸጥ ቢችል ግን ዋጋው ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። ለቢልጫም ቢሆን መከልከል አያስፈልግም፤ ትልልቆቹን ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አለማብላት በቂ ነው።

ውሃውን ለማስጠበቅ የሚያስችል ሕግም አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንድ ዓመት ውስጥ የወጡ ናቸው። ሁለተኛው አዋጅ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ መብት ደንግጓል። አካባቢን እየበከለ ነው ወይም ሊበክል ይችላል ብሎ ያመነበትን አካል ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው ውሳኔ አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ፍሳሹ የሚገባበትን ቦታ፣ የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ ከተቻለም ፎቶግራፍ ቢይዝ ይጠናከራል። ቅጂውን በመዝገብ ቤት ማኅተም አስደርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምርበትን ዕለት የሚያሳየው እሱ ነው።